ስንጥቁን ማን አየው? ስለ ሕንፃ ምርመራና ስለ ምርመራው መዝገብ ታሪክ



የዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ አመንትቼ ነበር። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቱንቢና በውሃ ልክ እንጂ በመጻሕፍት መካከል አይደለምና። በኋላ ሳስበው ግን ሥራዬ ራሱ ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሕንፃ ከመጠገኑ ወይም ከመፍረሱ በፊት ማን ያየዋል? ያየውስ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል? ይህ ጥያቄ ዛሬ የመሐንዲሶች ብቻ ይመስለናል እንጂ እስልምና ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ በመካ የተነሳ፣ ሰሐቦች የተከራከሩበት፣ ኢማሞች አስተያየት የሰጡበት ጥያቄ ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝን ነገር ላውጋችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት በጣና ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዱ ያረጀ መስጊድ ነበር። የከተማዋን ስም ማንሳት አያስፈልግም። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ላዩ በኖራ የተለሰነ፣ ምሰሶዎቹ የወይራ እንጨት፣ ጣራው ቆርቆሮ ነበር። በቂብላው በኩል ካለው መስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጀመዓው ተሰበሰበ። ለአዲስ ሕንፃ መነሻ የሚሆን ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ተገኝቶ ስለነበር ውይይቱ ብዙ አልቆየም፤ ይፍረስ ተባለ። እኔም በዚያ ነበርኩ። ወጣት ቴክኒሽያን ነበርኩና ሲጠይቁኝ ስንጥቁን ከሩቅ ዐይቼ «አስጊ ነው» አልኩ። ዓይናቸው የደከመ አንድ ሸኽ ብቻ «መሠረቱን ማን አየው?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም።

መስጊዱ ፈረሰ። መሠረቱ ላይ ስንደርስ ድንጋይ ከድንጋይ እንደተነከሰ ነበር፤ በዶማ እንኳ በግድ ነው የተላቀቀው። የስንጥቁ ምክንያት ደግሞ ከውጭ ቆሞ ሲጠብቀን ነበር፤ ከጣራው የወረደው አሸንዳ ተበጥሶ የክረምቱ ውሃ በሙሉ በአንድ ጥግ ይወርዳል፤ በዚያው ጥግ የውዱእ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ተደፍኖ ወደ ግድግዳው ሥር ይሰርጋል። የአንድ አሸንዳና የአንድ ቦይ ጥገና ነበር። አዲሱ ሕንፃ ገንዘብ አጥሮት ለዓመታት ፌሮው ወደ ሰማይ እንደቆመ ቀረ፤ ሰው በሸራ ሥር ሰገደ። ከሁሉም የሚቆጨኝ በአንደኛው ምሰሶ ላይ በዓረብኛ የተቀረጸ ጽሑፍ መኖሩ ነው። ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ዓመተ ሂጅራ እንደሠራው ሳይነግረን አይቀርም ነበር። ማንም ሳይገለብጠው ምሰሶው ለማገዶ ሆነ። እኒያ ሸኽም አዲሱ መስጊድ ሳያልቅ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ጥያቄያቸው ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የ35 ዓመት ሰው በነበሩ ጊዜ፣ ማለት ወሕይ ከመውረዱ 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ የካዕባ ግድግዳ በእሳትና በጎርፍ ተጎድቶ ቁረይሾች ሊያድሱት ተነሱ። ተነሱ እንጂ ለማፍረስ ፈሩ። መጨረሻ ላይ አል-ወሊድ ኢብን አል-ሙጊራ ዶማውን አንስቶ ከአንድ በኩል ጀመረ፤ የቀሩት ግን ያን ሌሊት አንድ ነገር ይደርስበት እንደሆነ ሊያዩ ጠበቁ። ሰውየው በማግስቱ በሰላም ሲመለስ ሌሎቹም ተከተሉት። እየቆፈሩ ሲወርዱ እርስ በርሳቸው የተያያዙ አረንጓዴ ድንጋዮች አገኙ፤ የኢብራሂም (ዐ.ሰ.) መሠረት ነው አሉ። አንዱ ሰው በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ዘንግ አስገብቶ ሲፈነቅል መካ ተንቀጠቀጠች፤ እዚያው ላይ ቆመው መሠረቱን ሳይነኩ ከላዩ ገነቡ። ይህን ሲራ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔ ግን በግንበኛ ዓይን ሳነበው የማየው ሌላ ነገር አለ። ሰዎቹ ከላይ የተጎዳውን አፈረሱ፣ እስከ ታች ወርደው መረመሩ፣ ጤነኛ ሆኖ ባገኙት ላይ ግን እጃቸውን አልጫኑም። የትኛው ክፍል እንደሞተ፣ የትኛው ሕያው እንደሆነ ለይተዋል።

በነገራችን ላይ ይህ ግንባታ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለበት። የመካው ታሪክ ጸሐፊ አል-አዝረቂ እንደዘገበው ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየሆነ በ31 ረድፍ ተሠራ፤ 16ቱ የድንጋይ፣ 15ቱ የእንጨት ነበሩ። ባለሙያው ባቁም የሚባል ሰው ሲሆን እንጨቱም በባሕር ዳርቻ ከተሰበረ መርከብ የተገኘ ነበር። የእስላማዊ ሥነ ሕንፃ ተመራማሪ የነበረው እንግሊዛዊ ክሬስዌል ይህን አሠራር ከአክሱም ዘመን ሕንፃዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ባቁም የሚለውም ስም «ዕንባቆም» የሚለው የሐበሻ ስም አጭር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጽፏል። ስለ ስሙ የሰጠው ግምት ነው፤ እኔ ለመፍረድ አልችልም። ስለ አሠራሩ ግን በደብረ ዳሞ ወይም በላስታ በይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳውን ያየ ማንኛውም አናጢ መመሳሰሉን አይክድም።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይበልጥ ለኮሚቴዎቻችን የሚጠቅም ነው። በ64 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 683) መካ በሻም ሠራዊት በተከበበች ጊዜ ካዕባ ተቃጠለ፤ ድንጋዩም ተሰነጣጠቀ። መካን ይገዛ የነበረው ዐብደላህ ኢብን አዝ-ዙበይር የሐጅ ወቅት እስኪደርስ እንዳለ ተወውና ሰዉ ካየው በኋላ ምክር ጠየቀ፤ «አፍርሼ ልሥራው ወይስ የተጎዳውን ብቻ ልጠግን?» ኢብን ዐባስ የተጎዳውን ብቻ ይጠግን፣ ሰዎች የሰለሙበትን ቤትና ድንጋዮቹን እንዳሉ ይተው የሚል ሐሳብ ሰጡ። ኢብን አዝ-ዙበይር ደግሞ ከእናንተ የአንዱ ቤት ቢቃጠል እስኪያድሰው ድረስ ደስ አይለውም፤ ታዲያ የጌታችሁ ቤት እንዴት ይሆናል? የሚል መልስ ሰጠ። ከዚያም ሦስት ጊዜ ኢስቲኻራ አደረገና ለማፍረስ ወሰነ።

እኔ ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ ባነበው አልሰለችም። ሁለቱም ወገኖች የሚከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው። ዛሬም በየኮሚቴው የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው። ልዩነቱ የሚታየው ኢብን አዝ-ዙበይር ከወሰነ በኋላ ባደረገው ነገር ላይ ነው። ዙሪያውን ምሰሶ አቁሞ መጋረጃ ጋረደበት፤ ሰዉ አቅጣጫውን ሳይስት ይሰግድ ነበር። እስከ መሠረቱ ቆፍሮ ሕዝቡ መሠረቱን በዓይኑ እንዲያይ አደረገ፤ በእሱም ላይ ግንቡን አቆመ። እሱ ከተገደለ በኋላ ሐጃጅ ለኸሊፋው ለዐብዱልመሊክ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ኢብን አዝ-ዙበይር ሕንፃውን ያቆመው የታመኑ የመካ ሰዎች ባዩት መሠረት ላይ መሆኑን ገልጿል። ጠላቱ የጻፈው ደብዳቤ እንኳ ምስክሮቹን ሊያስተባብል አልቻለም። ኸሊፋው ወደ ቀድሞው ቅርጹ እንዲመለስ አዘዘ፤ ኋላ ላይ ግን የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዲስ በሌላ ሰው ሲረጋገጥለት ምነው በተውኩት ብሎ ተጸጽቷል። ሳይጣራ የተሰጠ የማፍረስ ትእዛዝ ኸሊፋንም ያስቆጫል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በዐባሲዮች ዘመን ካዕባን እንደገና ወደ ኢብን አዝ-ዙበይር ቅርጽ ለመመለስ ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ኢማም ማሊክ የነገሥታት መጫወቻ እንዳይሆን ብለው መቃወማቸው የታወቀ ነው። በዑስማኒያዎች ዘመን ደግሞ የግድግዳው መሰንጠቅ ለሱልጣን አሕመድ በተነገረ ጊዜ እንደገና «ይፍረስ» የሚል ሐሳብ ተነሳ፤ ዑለማዎቹ ግን አልተስማሙም፤ በ1020 ዓመተ ሂጅራ አካባቢ ግድግዳው በብረት መቀነት እንዲታሰር ተደረገ። መቀነት ግድግዳ ወደ ውጭ እንዳይገፋ ይይዛል፤ ከሥር የሚገባ ጎርፍን ግን አያቆምም። በ1039 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1630) ከባድ ጎርፍ ወደ ሐረም ገብቶ የሰሜኑን ግድግዳና ከጎኑ ያሉትን በከፊል ጣላቸው። ሱልጣን ሙራድ 4ኛ ያሠሩት እስከ ዛሬ ያለው ነው።

የዑስማኒያዎች አስተዳደር ለዚህ ሥራ የሰጠው ስም ደስ ይለኛል፤ «ከሽፍ» ይሉታል፤ መግለጥ ማለት ነው። አንድ የወቅፍ ሕንፃ ጥገና ሲያስፈልገው ቃዲው የሕንፃ ባለሙያና ምስክሮች ይልካል፤ ባለሙያው ይለካል፤ የትኛው ግድግዳ ስንት ክንድ እንደተጎዳ፣ ምን ያህል ድንጋይና ኖራ እንደሚፈጅ፣ ዋጋውም ምን ያህል እንደሆነ ይጻፋል፤ በፍርድ ቤቱ መዝገብም ይገባል። ይህም ከፊቅህ የመነጨ ነው። የሐነፊ መዝሐብ ሊቃውንት እንዳስቀመጡት ከወቅፍ ገቢ በመጀመሪያ የሚወጣው ለሕንፃው ጥበቃና ጥገና ነው፤ ወቃፊው ይህን በቃሉ ቢያስገባም ባያስገባም። ደመወዝና ሌላ ወጪ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ግን የሱቆች ኪራይ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚታሰበው አዲስ ሱቅ መጨመር ነው፤ አሸንዳው እስኪበጠስ ድረስ የሚያስታውሰው የለም። ይህን ስል እኔም ኮሚቴ ውስጥ የነበርኩ ሰው ነኝና ራሴን አላወጣም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ቅርባችን ጎንደር ነው። በጣና ዳር በኖራ መገንባት የተስፋፋው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፤ ፖርቱጋላዊው ማኖኤል ደ አልሜይዳ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ከሕንድ የመጣ ባለሙያ እንዳገኘው ጽፏል። ከዚያ በኋላ አፄ ፋሲል በጎንደር ግንባቸውን አቆሙ። ሙስሊሞች በ1668 (እ.ኤ.አ.) በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን በተሰበሰበው ጉባኤ ውሳኔ ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ቢደረግም በከተማዋ ንግድና የእጅ ሙያ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ አልቀረም፤ አዲስ ዓለም የተባለው ሠፈር የዚያ ታሪክ ምስክር ነው። ግንቦቹን እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳቸው፤ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ አገኛቸው። ለሙያችን ትምህርት የሚሆነው ግን ሌላው ጉዳት ነው። ጣሊያኖች በያዙበት ጊዜና ከዚያም በኋላ በኖራ የተሠራው ግንብ በሲሚንቶ ተጠገነ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው ግን አሮጌውን የኖራ ግንብ አያስተነፍሰውም፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ ድንጋዩም ይፈረፈራል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ጥገና ይህ ሲሚንቶ እየተነሳ በኖራ ተተክቷል። በላሊበላም ፍሳሽ ለመከላከል ተብሎ የተቀባውን ሬንጅ ኋላ የመጡ ባለሙያዎች ፍቀው ማንሳት ግድ ሆኖባቸዋል። በሽተኛው ሳይመረመር የተሰጠ መድኃኒት ነበር።

የነጃሺ መስጊድ ነገርም መነሳት አለበት። ከውቅሮ በስተሰሜን በነጋሽ የሚገኘው ይህ መስጊድ በቱርክ የልማት ድርጅት በቲካ ታድሶ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ሚናራው፣ ጉልላቱና የሰሐቦች መቃብር ናቸው የሚባሉት ስፍራዎች ጉዳት ደረሰባቸው። ያን ጊዜ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን መጀመሪያ የተናገረው የጉዳቱን መጠን የሚያጠና ቡድን እንደሚልክ ነበር። ምን እንደተጎዳ ለማወቅ ግን ቀድሞ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ነጃሺ በዓለም የታወቀ ስለሆነ ፎቶግራፉ ሞልቷል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ ብዙዎቻችን የጠየቅነው ጥያቄ ግን የእኛን ይመለከታል። የእኛ መስጊድ ነገ አንድ ነገር ቢደርስበት የጣራው ቁመት ስንት ነበር፣ ሚሕራቡ ምን ዓይነት ነበር ብሎ የሚመልስ ወረቀት በማን ሳጥን ውስጥ አለ?

ሕጉ አለ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የያዘ ሁሉ ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግና ጥገናም በባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲካሄድ ደንግጓል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን በምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ከፍሎ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን በምድብ ሐ አስቀምጦ ነበር። መስጊድ ስንሠራ እንደ ጎረቤት ቤት በግምት መሥራት አይቻልም ማለት ነው።

አሁን ስለ ከተማችን መሬት ጥቂት ልበል፤ ይህ ክፍል የእኔ ሙያ ነውና ትዕግሥት አድርጉልኝ። ባሕር ዳር ከጣና ዳር ተዘርግታ የተቀመጠች ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈቱ ከተማዋ በፍጥነት ማደግ ጀመረች፤ ሰዉም ቀድሞ ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ ቤት ሠራ። ከሥር ብዙውን ቦታ ጥቁር አለት አለ፤ ከአለቱ በላይ ግን በብዙ ሠፈር ጥቁር መረሬ አፈር ተኝቷል። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ እግር የሚያስገባ ንቃቃት ሲከፍት ሁላችሁም አይታችኋል። መሠረቱ ይህን አፈር አልፎ አለቱን ካልያዘ ወይም አፈሩ ወጥቶ በገረጋንቲ ካልተተካ ግድግዳው በየዓመቱ ከመሬቱ ጋር ይነሳል፣ ይወድቃል። ስለዚህ በባሕር ዳር አንድን ስንጥቅ አንድ ቀን አይቶ መፍረድ አይቻልም። በግንቦት የሰፋው በመስከረም ሊገጥም ይችላል። ቢያንስ በበጋው መጨረሻና በክረምቱ መጨረሻ መታየት አለበት።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ልስን ላይ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው፤ አያስፈራም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን በሰያፍ የሚወጣው ከመሠረቱ አንዱ ወገን መስመጡን ወይም መነሳቱን ይናገራል። በአርማታ ምሰሶ ላይ ከላይ ወደ ታች ወርዶ የዝገት ቀለም የሚያሳየው በውስጡ ያለው ፌሮ እየዛገ እያበጠ ነው፤ ይህ ቀጠሮ አይሰጥም። ሚናራና የመስገጃው አዳራሽ በሚገናኙበት ቦታ የሚታየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ክብደታቸው ስለሚለያይ በየራሳቸው መሠረት ላይ ስለሚቀመጡ የሚመጣ ነው፤ ሲሠራ ክፍተት ቢተውለት ኖሮ ስንጥቅ አይባልም ነበር። በመስጊድ ላይ ከሌላው ሕንፃ የሚለየው ትልቁ ጉዳይ የውዱእ ውሃ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚፈስ ውሃ በመረሬ መሬት ላይ ከግድግዳ አጠገብ ከሰረገ ክረምት አልፎም ክረምት ነው። እኔ መስጊድ ስመረምር መጀመሪያ የማየው ሚሕራቡን አይደለም፤ የውዱእ ቦዩን ተከትዬ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። ቀጥሎ አሸንዳውን፣ ከዚያ ጣራውንና ምስጡን። ባሕር ዛፍ በአጥር ዙሪያ ካለም ርቀቱን እለካለሁ፤ ሥሩ የአፈሩን ውሃ ይመጠምጣልና።

የጣናን ደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሙስሊም ወንድሞቻችን ይህን ያለ ትምህርት ቤት ያውቁታል። ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ አውጥተው አቁመው ያደርቁታል፤ እያገላበጡ የበሰበሰውን እሥር ይለያሉ። ዕድሜው አጭር መሆኑን ስለሚያውቁ ሁልጊዜ ያዩታል። እኛ ደግሞ ድንጋይና ሲሚንቶ ለዘላለም ይመስለንና አናየውም።

የምርመራ ጽሑፍ አስቸጋሪ አይደለም፤ ሐቀኛ መሆን ብቻ ይፈልጋል። የታየውንና የተገመተውን ለይቶ መጻፍ ነው። «ግድግዳው ሊወድቅ ነው» ማለት ግምት ነው፤ «በሰሜኑ ግድግዳ ከሁለተኛው መስኮት ታችኛ ማዕዘን ጀምሮ ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ስፋቱ ይህን ያህል የሆነ ስንጥቅ አለ» ማለት ግን ማስረጃ ነው። የታየበት ቀንና ያየው ሰው ስም ይጻፋል። ያልታየው ቦታም ይጻፋል፤ ኮርኒሱ ስላልተከፈተ ወራጆቹ አልታዩም ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። እኔ ያን ጊዜ «መሠረቱን አላየሁም» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ምናልባት አንድ ቀን ቆፍረው ያዩት ነበር።

ዛሬ የምሰግድበት መስጊድ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ሲታይ ከወጣቶቹ ጋር ሆነን ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። የስንጥቁ ጫፍ በሚቆምበት ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገን ቀኑን ጻፍን፤ በመካከሉ ደግሞ መዳፍ የሚያህል ጀሶ ለጠፍንበት። ጀሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። የውዱእ ቦዩንም ከግድግዳው አርቀን በቱቦ አወጣነው። ጀሶው የተለጠፈው ጥቅምት ላይ ነበር። እስከ መጋቢት ድረስ ምንም አልሆነም፤ በግንቦት መጨረሻ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየበት፤ በነሐሴ መስመሩ ተመልሶ ገጠመ፤ የእርሳሱን ምልክትም ስንጥቁ አላለፈውም። ከኮሚቴው አባላት መካከል እንዲፈርስ የሚፈልጉ አሁንም አሉ፤ ምክንያታቸውም ቦታው ስለጠበበ ነው፤ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። መዝገቡ በኢማሙ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚቀጥለው ንባብ ጥቅምት ላይ ነው።